መልስ፦ የዛጎል ሳይንሳዊ ስም ለምን ሁለት ሆነ?

«አንዱ መጽሐፍ ሳይፕሪያ ሞኔታ ይላል፣ ሌላው ሞኔታሪያ ሞኔታ፤ የቱን ልያዝ?» ላልከው፣ ሁለተኛውን ያዝ። የመጀመሪያው አሮጌ ስሟ ነው። እንስሳዋ ግን ያችው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንስሳትና የዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም አወጣጥን የዘረጋው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ስም ሲያወጣ ዛጎል የሚመስለውን ሁሉ ሳይፕሪያ በሚባል አንድ ወገን (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ) ውስጥ ጠቀጠቀው። በኋላ ዛጎሉ ውስጥ የምትኖረው ቀንድ አውጣ ጥርስና አካል ሲመረመር፣ በቅርቡ ደግሞ ዲኤንኤው ሲታይ፣ ያ ወገን ተበታተነ፤ ነብርማው ትልቁ ዛጎል ሳይፕሪያ እንደሆነ ሲቀር፣ በአፍሪካና በእስያ እንደ ገንዘብ ያገለገለችው ትንሿ ሞኔታሪያ ውስጥ ገባች። አስተኔያቸው (ወገኖችን የሚያቅፈው ሰፊው ቤተሰብ) ግን አሁንም አንድ ነው፣ ሳይፕሪዴ።

ምልክት ልስጥህ፦ ከሳይንሳዊ ስሟ ቀጥሎ «ሊኒየስ፣ 1758» በቅንፍ ከተጻፈ ዝርያዋ ከመጀመሪያ ወገኗ ተዛውራለች ማለት ነው። ቅንፍ ከሌለ እዚያው ናት። ብዙ ሰው የጽሕፈት ስህተት ይመስለዋል!

እቤትህ ዛጎል ካለ ጀርባዋን እያት። ጉልህ ብርቱካንማ ቀለበት ካለባት ሞኔታ ሳትሆን ምናልባት እህቷ ሞኔታሪያ አኑለስ ናት። ጀርባዋ ተቆርጦ ለስፌት የተዘጋጀች ከሆነች ግን ቀለበቱም አብሮ ሄዷል፣ በዚህ መለየቱን እርሳው።