ወንዱን ከማውጣትዎ በፊት ፓምፑን ያብሩ

ጥያቄው የመጣው ደብረ ብርሃን ካፌ ካላቸው አንባቢ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «አኳሪየም ውስጥ ሁለት ክላውንፊሾች (ትንንሽ የባህር ዓሦች) አሉኝ። በሰው እጅ የረቡ እንጂ ከባህር የተያዙ አይደሉም። ሴቷ ሸክላው ላይ እንቁላል ትጥላለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንከፍት ግን ምንም የለም። ወንዱ አፉን እንቁላሉ ላይ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ለይቼ ላውጣው? ማታ ስንዘጋ ሂተሩን ትተን ፊልተሩንና የአየር ፓምፑን እናጠፋለን።»

እህቴ፣ ወንዱን አይንኩት። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውት አለፉ።

በክላውንፊሽ ቤት ሞግዚቱ አባትየው ነው። ትልቋ ሴት አካባቢውን ትጠብቃለች፤ አንዳንዴም ታግዛለች። ትንሹ ወንድ ግን ከእንቁላሉ አይርቅም። በጎን ክንፎቹ ውሃ ያራግብለታል፤ ኦክስጅን የሚደርሰው እንዲያ ነው። በአፉ እየነካካ ቆሻሻ ያነሳል። ሞቶ የነጣውን እየለቀመ ይበላል፤ ሻጋታው ወደ ደህናው እንዳይዛመት። በሰው እጅ መራባቱ ይህን ጠባይ አያጠፋበትም። እርስዎ ያዩትም ይህንኑ ሲሠራ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ማታው እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባህር ጠረፍ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። 27 ዲግሪ የሞቀ የባህር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እናንተ ጋ ያው ውሃ 5 አይሞላም፤ ያውም ፓምፑ እየሠራ። ፓምፑ ሲጠፋ ዓሦቹም፣ ባክቴሪያውም፣ እንቁላሉም ያችኑ ይሻማሉ። ወንዱ ሌሊቱን ሙሉ ቢያራግብ እንኳ የሚያራግበው የታፈነ ውሃ ነው። እንቁላሉ ይነጣል፤ የነጣውን ይለቅማል። ጠዋት ሸክላው ባዶ ነው፣ ስሙ የሚጠፋው የአባትየው።

ሂተሩን መተዋችሁም ብቻውን አያድንም። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ሂተር የሚያሞቀው ዙሪያውን ነው። የቆመ ፊልተር ውስጥ ያለው፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣራው ባክቴሪያም ይጎዳል፤ ከዚያ አሞኒያ የሚባለው መርዝ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል።

ስለዚህ ፊልተሩና የአየር ፓምፑ 24 ሰዓት ይሥሩ። ቆጣሪውን የሚያሽከረክረው ሂተሩ ነው፤ እነዚህ የሚበሉት ጥቂት ነው። መቆጠብ ከፈለጉ የአኳሪየሙን ጀርባና ሁለቱን ጎን በፎም ይሸፍኑ፤ ከበሩ ነፋስም ያርቁት። ከአንድ ትልቅ ሂተር ሁለት ትንንሽ ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ዓሣው አይቀዘቅዝም፤ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም አይቀቀልም። ኤሌክትሪክ ለሚቋረጥበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይያዙ። ያን ጊዜ መስታወቱን በመንዝ ባና ይጠቅልሉት፤ ጋቢ ለእናንተ ብርድ አይበቃም። ላዩን ግን አይዝጉበት። ሙቀቱን የሚለኩት ጠዋት እንደከፈቱ ነው፤ የከሰዓቱ ያታልላል። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ካገኙ ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቢጠፋስ? ጀማሪ ጥንዶች የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ብዙ ጊዜ ይበሏቸዋል። ይለምዳሉ። የሚለዩት በቀለሙ ነው። እንቁላሉ ከመጥፋቱ በፊት ነጥቶ ካዩት ችግሩ ውሃው ውስጥ ነው፤ ወይም እንቁላሉ ፅንስ አልያዘም። ደህና ብርቱካናማ ሆኖ አድሮ ሙልጭ ካለ፣ ደንግጠዋል ወይም ሌላ ሌባ አለ። ሽሪምፕና ሸርጣን ካለዎት ማታ ማታ ይጠርጥሯቸው። የደንበኛ ልጆችም መስታወት እንዳያንኳኩ። ምግቡን ደግሞ በቀን ሁለት ሦስቴ ከፋፍለው ይስጡ፤ የተከተፈ ሽሪምፕ ጥሩ ነው። የተራበ አባት ላይ አልፈርድም።

ወንዱን ማግለል ሌላም ጣጣ አለው። ክላውንፊሽ ሁሉ ሲጀመር ወንድ ነው፤ ሴት የሚሆነው በኋላ ነው። ለብቻው ብዙ ከቆየ እሱም ወደ ሴትነት ሊለወጥ ይችላል። ያኔ መልሰው ሲያገናኟቸው ሁለት ሴቶች ይፋለሙብዎታል።

ሁሉ ከሰመረ እንቁላሉ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ዓይን ያወጣል። ዓይኖቹ ብር ሲመስሉ ደርሷል፤ በ27 ዲግሪ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የሚፈለፈለው መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ነው። ማሳደግ ካሰቡ በዚያ ዕለት ሸክላውን በራሱ ውሃ ወደ ሌላ መስታወት ያዛውሩት። የአየር ድንጋይ (የፓምፑን አየር በአረፋ የሚበትነውን) አጠገቡ ያድርጉ፤ አረፋው የአባትየውን ሥራ ይተካል። ግን ለጫጩቶቹ ምግብ የሚሆነውን ሮቲፈር የተባለ እጅግ ደቃቅ የውሃ እንስሳ አስቀድመው ካላረቡ አይሞክሩት። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ) እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአፋቸው ይተልቃል።

ለአሁኑ እንቁላሉ እዚያው ከአባቱ ጋር ይቆይ። ፓምፑ ሳይጠፋ የሚጣለውን እንቁላል ይከታተሉና የየጠዋቱን ሙቀትና ቀለሙን ጽፈው ይላኩልኝ።