ከቅርፊት ሳይወጡ የቀሩት 17 ጫጩቶች

ጠያቂዬ የጻፉልኝ በአጭሩ ይህን ነው። ከአሮጌ ፍሪጅ ቀፎ በገዛ እጃቸው የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠሩ። ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖል፣ አንድ ቴርሞስታት (አምፖሉን እያበራና እያጠፋ ሙቀቱን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ)፣ ከታች ሰፊ የውሃ ሳህን አለው፤ ማራገቢያ የለውም። 36 እንቁላል ደረደሩ። በ12ኛው ቀን መብራት ለ4 ሰዓት ጠፍቶ ነበር። 21ኛው ቀን ምንም ሳይታይ አለፈ። የመጀመሪያዋ ጫጩት በ22ኛው ቀን ማታ ወጣች፤ እስከ 24ኛው ቀን 9 ሆኑና በዚያው ቆመ። የቀሩትን ሰብረው ሲያዩ 7ቱ ባዶ ናቸው፤ 3ቱ ቀይ የደም ቀለበት ብቻ አላቸው፤ 17ቱ ግን ላባቸው ሳይቀር የተሟላ ጫጩቶች ሆነው፣ ውሃ እንደተነከሩ ሞተዋል። ከተፈለፈሉት 9ኙም 4ቱ በሦስተኛው ሌሊት ማሳደጊያው ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተው ተገኙ። «መብራቱ ነው የጨረሳቸው? ሳጥኑንስ ልጣለው?» ይላሉ።

አይጣሉት። የፍሪጅ ቀፎ ሙቀት በመያዝ ከጣውላም ከካርቶንም ይበልጣል፤ 26 ሽሎችን እስከ መጨረሻው ያደረሰ ሳጥን ደግሞ የጎደለው ጥቂት ነገር ነው። ያልወጡትን ሰብረው ማየትዎ በጣም ጠቅሞኛል። ብዙ ሰው ከሐዘኑ የተነሳ እንዳለ ይቀብራቸዋል። ያልተፈለፈለ እንቁላል ግን ምን እንደደረሰበት ይናገራል፤ ይህን መልስም የምሰጥዎት ከእነሱ ተነስቼ ነው።

በባዶዎቹ 7 ሳጥኑን አይውቀሱ። አውራው ያላገኛት ዶሮ የጣለቻቸው ናቸው፣ ወይም ገና ከጅምሩ የከሸፉ። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ዶሮ ይበቃል። እንቁላሉ ከተጣለ 7 ቀን ሳይሞላው፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተቀምጦ፣ ሳይታጠብ ይግባ። የደም ቀለበት ያላቸው 3ቱ በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱ ሽሎች ናቸው፤ ከ36 ውስጥ 3 የሚያስደነግጥ አይደለም።

መብራት መጥፋቱም አይደለም። 17ቱ ከ12ኛው ቀን በኋላም አንድ ሳምንት ያህል ኖረው፣ አድገው፣ ላባ አውጥተዋል። በዚያ ቀን ቢሞቱ ኖሮ ግማሽ የደረሰ ሽል ነበር የሚያገኙት። ያቀፈች ዶሮም ለመብላትና ለመጠጣት እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች። ለወደፊቱ ግን በውሃ የተሞሉ ባለ 2 ሊትር ጠርሙሶች ሳጥኑ ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ ከሳጥኑ ጋር ሞቀው ይቆዩና መብራት ሲጠፋ ሙቀታቸውን መልሰው ይሰጣሉ። በሩን ሳይከፍቱ ብርድ ልብስ ይደርቡበት።

ወደ ዋናው ልምጣ። ጫጩቶቹ ከአንድ ቀን በላይ ዘግይተዋል። መዘግየት የእንቁላሉ ሙቀት ማነሱን ያሳያል፤ የበዛ ሙቀት ቢሆን ቀድመው ይወጡ ነበር። እርስዎ ግን «ቴርሞሜትሩ 37.7 ነበር የሚለው» ብለዋል። የት እንደሰቀሉትም ነግረውኛል፤ ግድግዳው ላይ፣ ከአምፖሎቹ ትይዩ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ማራገቢያ በሌለው ሳጥን ውስጥ አምፖሉ አጠገብ ያለውና እንቁላሉ የተኛበት ቦታ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ቢለያዩ አይግረምዎ። ቴርሞሜትሩ ሲነግርዎት የነበረው የአምፖሉን ሠፈር ሙቀት ነው፤ ሽሎቹ ሌላ አየር ውስጥ ነበሩ።

በእኔ ምርጫ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ ይግጠሙለት። ባለ 12 ቮልት ነው፣ ከሞተ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ይነቀላል፤ ለእሱ የሚሆን 12 ቮልት አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው። ነፋሱ በቀጥታ እንቁላሉ ላይ እንዳያርፍ ወደ ግድግዳው ያዙሩት። አየሩ ከተዘዋወረ በኋላ የሳጥኑ ሙቀት 37.5 ይሁን። ያለ ማራገቢያ መቀጠል ከፈለጉ ደግሞ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከእንቁላሎቹ አናት ጋር እኩል ይሁን፤ እዚያ ቁመት ላይ ከ38.3 እስከ 38.8 ያስፈልግዎታል። ሲያስተካክሉ በግማሽ በግማሽ ዲግሪ ይሂዱ። ቅዝቃዜ ያዘገያል፤ ከ40 ያለፈ ሙቀት ግን በጥቂት ሰዓት ሁሉንም ሊገድል ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን ቴርሞሜትሩ ራሱ ይፈተን። እኔ ስጀምር የነበረኝ መለኪያ 1.5 ዲግሪ ያሳስት ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ሁለት ዙር ሙሉ እንቁላል ካጣሁ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሰው ትኩሳት መለኪያ ይዋሱ። አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ፣ ወደ 38 ዲግሪ የሚሆን፣ ያዘጋጁና የሁለቱንም ጫፍ ጎን ለጎን ነክረው 3 ደቂቃ ይጠብቁ። ልዩነት ካለ በወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉት። እርጥበት መለኪያም እንዲሁ ይፈተናል፤ በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገው በጥቂት ጠብታ ውሃ ያርጥቡት፣ እንዳይሟሟ፤ ከመለኪያው ጋር ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 70 ካነበበ ሁልጊዜ 5 ይጨምሩበት።

አሁን የ17ቱን ነገር። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ውሃው በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ይተናል። እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉ ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ማጣት አለበት። ውሃው በለቀቀው ቦታ፣ በሰፊው ጫፍ በኩል፣ የአየር ክፍሉ ይሰፋል። ጫጩቷ ቅርፊቱን ከመስበሯ በፊት መንቁሯን ወደዚያ ክፍል ሰድዳ የመጀመሪያ ትንፋሿን የምትስበው እዚያ ነው። ውሃው ካልተነነ ክፍሉ ጠባብ ይሆናል፤ ጫጩቷ ታብጣለች፣ ለመዞር ቦታ ታጣለች፣ አየር ልትስብ ስትል ፈሳሽ ትስባለች። የእርስዎዎቹ እንደተነከሩ መሞታቸው ይህንኑ ነው የሚያሳየው። የውሃው ሳህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጣም ሰፊ ነበር። እርጥበትን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት አይደለም፤ አየር የሚነካው የፊቱ ስፋት ነው። እስከ 18ኛው ቀን በአንድ ትንሽ ስኒ ይጀምሩና እርጥበቱን ከ45 እስከ 50 በመቶ ይያዙ። ሰፊውን ሳህን የሚያስገቡት በ18ኛው ቀን ነው፤ ያኔ ከ65 እስከ 70 ይድረስ።

ከእርጥበት መለኪያ ሁሉ የማምነው ግን የወጥ ቤት ሚዛን ነው። እንቁላሎቹን ከመደርደሪያቸው ጋር ሲያስገቡ ይመዝኑና የመደርደሪያውን ይቀንሱ። እንቁላሉ ብቻውን 2,000 ግራም ከሆነ በ6ኛው ቀን ወደ 80 ግራም፣ በ12ኛው ወደ 160፣ በ18ኛው ወደ 240 ግራም ማጣት አለበት። በ6ኛው ቀን 40 ግራም ብቻ ከቀነሰ ስኒውን አውጥተው በደረቁ ያቆዩት፤ 120 ከቀነሰ ስኒ ይጨምሩ። ገና ጊዜ እያለ ማረም የሚቻለው እንዲህ ነው።

ሌላም አለ። የፍሪጅ በር ጎማው አየር አያስገባም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ አየር ማስገቢያ አንድም ቃል አላየሁም። ሽሉ ይተነፍሳል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ በጣም ይተነፍሳል። የታፈነ ሳጥን እርጥበቱንም ያጠራቅማል። ሁለት ቀዳዳ ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ የጣት ውፍረት ያህል ይብሱ፤ ለአንዳንዱ የቡሽ ክዳን ያዘጋጁና ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ይክፈቱ። የሚበሱት ግን በሩን ይሁን፤ በግድግዳዎቹ ውስጥ የጋዝ ቧንቧ ሊኖር ይችላል። ጋዙ ካልወጣ በፍሪጅ ጠጋኝ ይውጣ። ልጆች ባሉበት ግቢ ደግሞ የበሩ መቆለፊያ ይነቀል፤ ይህን እባክዎ ዛሬውኑ ያድርጉት።

ማገላበጡን በቀን 2 ጊዜ ነበር ያሉት። 3 ወይም 5 ያድርጉት። ጎዶሎ ቁጥር የሚመረጠው እንቁላሉ ሌሊት ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ እንዳያድር ነው። በአንዱ ጎን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ያቁሙ፤ በሩም ከዚያ በኋላ አይከፈት። ድምፅ ሰምተው ለማየት መጓጓትዎን እረዳለሁ፤ ግን በከፈቱ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣና ቅርፊቱን መሸርሸር በጀመሩት ላይ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ደርቆ ይጣበቅባቸዋል። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጣት አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚያ ሰዓት ጫጩቷ አርፋለች ማለት አይደለም፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ እያስገባች ነው። ቸኩሎ የሚልጣት ሰው ደም ያፈስሳታል። የወጡትም እዚያው ይድረቁ፤ በአስኳሉ ሁለት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውሃ ይቆያሉ።

ተደራርበው የሞቱት 4ቱ በርዷቸው ነው። ጫጩት ሲበርዳት ከሌላዋ ሥር ትገባለች፤ ከታች ያለችው ትታፈናለች። አራት ማዕዘን ካርቶን ከሆነ ማሳደጊያዎ ማዕዘኖቹን በተጠቀለለ ካርቶን ክብ ያድርጓቸው። ለመጀመሪያው ሳምንት ከአምፖሉ ሥር፣ በጀርባቸው ቁመት፣ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሱ። አምፖሉ በአንድ ጫፍ ይሰቀል፤ የሞቃትም የቀዝቃዛም ምርጫ ይኑራቸው። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይዩአቸው። ክምር ብለው ከጮኹ አምፖሉን ዝቅ ያድርጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ከሸሹት ከፍ ያድርጉ፤ ተበታትነው ከተኙ እንዳለ ይተዉት። አምፖሉ በገመዱ ብቻ አይንጠልጠል፤ በሽቦ ወይም በሰንሰለት ይታሰር። ሰጋቱራ ላይ የወደቀ አምፖል ቤት ያቃጥላል።

የጫጩቶቹ የጠርሙስ ውሃ ማጠጫ ያጥለቀልቃል ብለውኛል፤ ይህ የሆነው ቀዳዳው ከሳህኑ ከንፈር ከፍ ብሎ ስለተበሳ ነው። ዝቅ አድርገው ይብሱት፤ ውሃው ቀዳዳውን ሲሸፍን ራሱ ይቆማል። እንዳይሰምጡ ሳህኑ ላይ ጠጠር ይጨምሩ። ውሃው አለመፍሰሱ ሰጋቱራው እንዳይርስም ነው። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ የሚመጣው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ኮክሲዲዮሲስ፣ እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ነው የሚራባው። ደም ያለበት ኩስ ካዩ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ ስለ ፈንግል ክትባትም በዚያው ይጠይቁ፤ ለቀሩት 5ቱ ጊዜው አሁን ነው።

ቀጣዩን ዙር በ36 አይጀምሩት። ሳጥኑን ባዶውን ለ2 ቀን አብርተው ሙቀቱን ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታና ሌሊት ይመዝግቡ። ካልዋዠቀ 12 እንቁላል ያስገቡ፤ የ6ኛውን ቀን ክብደት ሲያገኙ ይጻፉልኝና አብረን እናየዋለን።