«ሲስተር፣ የቱን ፈተና ልውሰድ?» ላላችሁኝ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ እኛ ኒኪዩ በምንለው፣ ከገባች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። «ሲስተር፣ የኢኤልቢደብልዩውን ልውሰድ ወይስ የኒዩሮውን? የቱ ቶሎ ያልቃል?» አለችኝ። «ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያሰብኩት ግን ስለ ፈተናው አልነበረም። አንዲት እናት ትዝ አለችኝ።

ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ላይሰንስ ያላት ነርስ በሙያዋ ጠለቅ ማለቷን የምታስመሰክርባቸው ፈተናዎች አሉ። ለኒኪዩ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ኤንሲሲ የተባለው የፈተና ድርጅት የሚሰጠው አርኤንሲ-ኒክ እና ኤኤሲኤን የተባለው የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ማኅበር የሚሰጠው ሲሲአርኤን። ከነሱ ሌላ ጠበብ ያሉ አሉ። አንዱ፣ ኢኤልቢደብልዩ የምንለው፣ ከ1000 ግራም በታች ሆነው ስለሚወለዱት ነው። አንዱ፣ ኒዩሮ የምንለው፣ ስለ ጨቅላ አንጎል፣ አንዱ ደግሞ የታመመ ሕፃን ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ስለማጓጓዝ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ከጠባቦቹ ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። ከሀገር ቤት ከመጣሁ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ማታ ገባሁና በ25 ሳምንቱ የተወለደ፣ ኪሎ ያልሞላ ወንድ ልጅ ተሰጠኝ። እናቱ ሀበሻ ናት። በኦፕራሲዮን ስለወለደች በዊልቸር እየተገፋች መጣች። ባጄ ላይ ስሜን አነበበችና በአማርኛ «እግዜር ነው ያመጣሽ» አለችኝ። እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

ልጁ በጀርባው ተንጋሏል። ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፤ ግራም ቀኝም እንዳይዞር በተጠቀለለ ጨርቅ ተደግፏል። ጎረቤቶቹ ሕፃናት ግን በጎናቸው፣ በሆዳቸው ኩርምት ብለው ተኝተዋል። ወዲያው አየችው።

«እህቴ፣ የኔን ብቻ ለምን እንዲህ አደረጋችሁት?»

«አሠራሩ ነው። አይዞሽ።»

«ልንካው?»

«እስከ ሦስት ቀን ባይነካ ነው የሚሻለው።»

«ለምን?»

«ሕጉ ነው። አይዞሽ።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሥራውንማ አሳምሬ እሠራዋለሁ። ዳይፐር ስቀይር እግሩን ወደ ላይ አላነሳም። ደም ስቀዳም ሆነ ደም ሥሩ ውስጥ የገባውን ቱቦ ሳጥብ ቀስ እላለሁ። እጄ ያውቃል፣ አፌ አያውቅም። ማሽኑ ሲጮህ ፊቴን ወደዚያ አዞርኩ። ስመለስ እናቲቱ ዝም ብላለች። ትንሽ ቆይታ «መልሱኝ» አለች።

ልጁ ተረፈ። ወራት ፈጅቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሊወጣ ሲል እናቱ ጠጋ ብላ የነገረችኝ ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። «ያን ለሊት አይዞሽ አይዞሽ ስትዪኝ፣ አለቀለት ማለትሽ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ፈረንጅ ብትለኝ አላምንም። አንቺ ስለሆንሽ አመንኩ።» ሀገር ቤት ላለችው እናቷ መውለዷን ሳትናገር ቀረች። ገንፎ ይዘን እንምጣ ያሏትን ጓደኞቿን «አትምጡ» አለቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በሕይወት ላለ ልጇ፣ ሐዘን ተቀመጠች። እኛ መርዶ ስንደብቅ እንዴት እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ፊታችንን እናዞራለን፣ «አይዞሽ» እናበዛለን። እኔም ሳላውቀው መርዶ ነጋሪ ሆኜባት ነበር።

ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው ለአርኤንሲ መዘጋጀት የጀመርኩት። አንድ ምሽት ስለ አንጎል የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎሉ ውስጥ፣ በፈሳሹ ክፍሎች ዳር፣ እጅግ ስስ የሆኑ የደም ሥሮች አሉ። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ሲዞር በዚያ በኩል ያለው የአንገት ደም መላሽ ሥር ይታጠፋል። ደሙ እንደ ልብ ወደ ታች አይወርድም፣ ግፊቱ ወደ አንጎል ይመለሳል። እግር ሲነሳም ደም በድንገት ወደ ላይ ይሮጣል። እነዚያ ስስ ሥሮች ደግሞ በብዛት የሚፈነዱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ። በጥናት በኩል ጭንቅላት ቀጥ ማድረጉ ምን ያህል እንደሚረዳ ገና አልተቋጨም፤ ይህንንም ያወቅኩት ያኔ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። በአማርኛ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ልጅሽ ደህና ነው፣ አንጎሉ እንዳይደማ እየጠበቅነው ነው» ብላት ኖሮ ገንፎዋን በበላች ነበር። ዛሬ ቢሆን ደግሞ እጇን አጥባ፣ ሳታሻሸው፣ ዝም ብላ እንድታሳርፍበት አደርጋት ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ። ባቡር ላይ ተቀምጣችሁ በስልካችሁ መቶ ጥያቄ ትሠራላችሁ። «መልሱ ሐ ነው» ትሉኛላችሁ። ለምን ሐ ሆነ ስላችሁ ግን ስልኩን ትከፍታላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኛም በእናንተ ዕድሜ በሁለት ሥራ መሃል መኪና ውስጥ እያንቀላፋን ነበር። ግን ከስም ኋላ የሚደረደር ፊደል ሕፃን አያድንም። እንዲህ ስል ትስቁ ይሆናል፤ የኔ ፊደሎች ባጄ ላይ የታተሙ ቀን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለች እህቴ ልኬያለሁ።

ደግሞ አንዲት አለቃችን ትዝ ትለኛለች። አዲስ አበባ ጀማሪ ሳለሁ ማሞቂያው ለሁሉም አይበቃም ነበር። ሁለት ሕፃን አንድ ላይ ይተኛል። ሲስተር አንዲትም ሰርተፍኬት አልነበራትም። ነገር ግን እናትን ሳታስረዳ ሕፃን አትነካም። «ደረትሽ ላይ አድርጊው፤ ያንቺ ገላ ከዚህ ማሽን ይበልጣል። እሱ ሙቀት መፍጠር ገና አልቻለም፣ የሚበርደው ለዚያ ነው» ትል ነበር። ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ላይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተጀመረው የካንጋሩ እንክብካቤ ማለት ነው፤ እሷ ስሙንም አታነሳም። እሷን ሳስብ ስለ ፈተና የጻፍኩትን ሁሉ ልሰርዘው ይቃጣኛል።

የማልሰርዘው እኔ እሷን ስላልሆንኩ ነው። እኔን ቁጭ አድርጎ ምክንያቱን ያስጠናኝ ፈተናው ነው። ሰርተፍኬቱ በየሦስት ዓመቱ መታደሱም ብዙዎቻችሁን ያናድዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ ሆኖ ተወለደ። ሳንባው አልበሰለም ነበርና ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ። የአገሩ መሪ ልጅ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በሲፓፕ፣ ማለትም ሳንባውን በአየር ግፊት ከፍቶ በሚይዝ መሣሪያ፣ ወይም በሰርፋክታንት፣ ሳንባው እንዳይጣበቅ በሚሰጥ መድኃኒት፣ ተረድቶ ቤቱ ይገባል። እውቀቱ ይህን ያህል የሚሮጥ ከሆነ ሦስት ዓመት አይበዛም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ዋናውን ውሰጂ። ለአርኤንሲ 24 ወር እና 2000 ሰዓት የኒኪዩ ልምድ ይፈልጋሉ፤ 175 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ነው። ለሲሲአርኤን ባለፉት ሁለት ዓመታት 1,750 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ 875ቱ በመጨረሻው ዓመት ሊሆን ይገባል። ሰዓትሽን ካሁኑ መዝግቢ። ከዚያ ጠባቡን ስትመርጪ ክፍልሽ ውስጥ ማን እንደሚተኛ እዪ። ኒዩሮው ጥሩ ነው፣ ግን ሲወለድ የታፈነን ሕፃን አንጎሉ እንዳይጎዳ በስድስት ሰዓት ውስጥ ጀምሮ የገላውን ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ አውርዶ ለ72 ሰዓት የሚያቀዘቅዝ ክፍል ካልሆነ የተማርሽውን የት ታይዋለሽ? የአንቺ ክፍል እንደነገርሽኝ እንዲህ ያሉትን ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልካል። ትንንሾቹ ግን ሞልተዋል። ስለዚህ የኢኤልቢደብልዩው ነው ያንቺ።

ከአዲስ አበባ የምትጽፉልኝም አላችሁ። የኤንሲሲ ፈተና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ላይሰንስ ይጠይቃል፤ ለደላላ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። እዚያው በኒዮናታል ነርሲንግ ማስተርስ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉላችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

አንቺ ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ስለ ፈተናው ክፍያ ከመመዝገብሽ በፊት ማናጀርሽን ጠይቂ። አንዳንዱ ሆስፒታል ገንዘቡን የሚመልሰው ካለፍሽ ብቻ ነው።