«ሕፃናት ይሰቃዩ» አላለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የደብረ ማርቆስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያቴ የሰጡኝን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብሁ ማርቆስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 14 ላይ ስደርስ፣ ጌታ ስለ ሕፃናት ሲናገር «ሳፈር» የሚል ቃል አገኘሁ። መዝገበ ቃላቴ ፍቺው «ተሰቃየ» ነው ይላል። ሕፃናት ይሰቃዩ ማለት ነውን? እንዲህ ያሉ የቀሩ ቃላትስ ለፈተና ይጠቅሙኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ በፍጹም አይደለም። በእጅሽ ያለው እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ይመስለኛል። በዚያ ዘመን «ሳፈር» መሰቃየትም፣ መፍቀድም ነበር። ጌታ ያለው በአማርኛው እንደምታውቂው «ተዉ፣ አትከልክሉአቸው» ነው።

እኔ ተማሪዎቼን የማስጠነቅቀው ከማያውቁት ቃል አይደለም። «ኦቨርሞሮው» ቢገጥምሽ መዝገበ ቃላት ትገልጫለሽ፤ «ከነገ ወዲያ» መሆኑን ታገኛለሽ፤ አለቀ። (እንግሊዞች ይህን የመሰለ ቃል ጥለው ዛሬ በአራት ቃላት ዞረው መናገራቸው ያሳዝነኛል።) የሚያስተው በደንብ የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው።

«ሌት»ን ተመልከቺ። ዛሬ መፍቀድ ነው። 2ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 2 ቁጥር 7 ላይ ግን መከልከል ነው፤ ፍጹም ተቃራኒው! በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ። «ት»ው ሲላላ መፍቀድ፣ ሲጠብቅ መከልከል ነበር፤ ልክ የእኛ «አለ» ላልቶ መናገር፣ ጠብቆ መኖር እንደሚሆነው። እንግሊዝኛ ማጥበቁን ሲተው ሁለቱ ግሶች በድምፅ አንድ ሆኑ፤ መከልከሉም እየተረሳ ሄደ። ሆኖም ጨርሶ አልሞተም። የብሪታንያ ፓስፖርት ባለቤቱ ያለ «ሌት» እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ በቴኒስም ሲለጋ መረቡን ነክቶ ያለፈ ኳስ «ሌት» ተብሎ ይደገማል።

«ሚት»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሥጋ፣ ያኔ ማንኛውም ምግብ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ የ«ሚት» መሥዋዕት የሚለው ዱቄትና ዘይት እንጂ ሥጋ የለበትም።

እንዲህ ያለ ቃል ሲያጠራጥርሽ የሳሙኤል ጆንሰንን መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት ፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ1755 የታተመ ስለሆነ «ሌት» መከልከል መሆኑንም ይዟል። ሰውየውን ለጎጃም ልጅ ስጠቁም ደስ ይለኛል፤ ከመዝገበ ቃላቱ 20 ዓመት ቀድሞ፣ በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነው። የሰከላችን የዓባይ ምንጭ እዚያ ውስጥ ተተርኳል።

ለፈተናው ግን በዛሬው ፍቺ ብቻ መልሺ፤ ድርሰት ስትጽፊም «ሳፈር»ን ለመፍቀድ አትጠቀሚበት። የአያትሽን መጽሐፍ ስታነቢ ደግሞ አማርኛውን ከጎኑ ዘርግተሽ ቁጥር በቁጥር አስተያዪው። 1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ቁጥር 15 ላይ «ፕሪቬንት» የሚል ታገኛለሽ፤ መከላከል እንዳይመስልሽ፣ መቅደም ነው።