ፍም ሳይሆን አይጣድ

በዚህ እትም ድንኳን ይዘው ወደ ደጋ ከሚወጡ አንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን በጥር ወደ ስሜን ተራሮች እንወጣለን። ሳንቃበርና ግጭ እናድራለን። እሳቱን እንዴት እናንድድ? እንጨትስ እዚያው እናገኛለን?
*ከጎንደር*

መልስ፦ እንጨት እዚያው አይለቀምም። በፓርኩ ውስጥ አስታም ሆነ ኮሶ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ማገዶውን ከደባርቅ ገዝታችሁ ጫኑ። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፤ ድምፁ ከታፈነ እርጥብ ነውና ጭሱ አያስቀምጣችሁም።

እሳት የሚነደው ቀድሞ በተነደደበት ቦታ ብቻ ነው። ከመለኮሳችሁ በፊት አብሯችሁ የሚሄደውን ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ጠይቁት። በጥር ጓሳው (የደጋው ሣር) ደርቆ ይቆያል፤ አስታ ደግሞ እርጥቡም ቢሆን ቶሎ ይያያዛል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩን ያቃጠለውን እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያዎች መምጣት ነበረባቸው። ስለዚህ በምድጃው ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል ሣርና ቅጠሉን ጥረጉ። ድንኳኑን ቢያንስ አምስት ሜትር አርቃችሁ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ትከሉት፤ ፍንጣሪ ወደ ታች ነፋስ ነው የሚሄደው። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ክብሪት ሳይጫር አጠገባችሁ ይቁም። ነፋሱ ከበረታ የዚያን ዕለት እሳቱ ይቅር፤ በሶ ይዛችሁ የምትወጡት ለዚህ ነው።

ጉልቻ ከወንዝ ውስጥ አታውጡ። ድንጋዩ የመጠጠው ውኃ ሲግል እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ከደረቅ መሬት የተነሣ፣ ስንጥቅ የሌለበት ድንጋይ ምረጡ። ሦስቱ ጉልቻዎች ከተቀመጡ በኋላ ድስቱን ባዶውን ጥዳችሁ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተወዛወዘ ወጥ ሞልቶበት ይገለበጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነበልባል ላይ በመጣድ ነው። የድስቱ ሥር ያርራል፣ ላዩ ጥሬ ይቀራል፣ አማሳዩም ክንዱን ይለበለባል። ፍልጡ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይንደድ፤ ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ነጣ ያለ አመድ ሲለብስ ጣዱ። ለማሟያ ሌላ እንጨት ከጎን ይንደድና ፍሙን እየጎተታችሁ ጨምሩ። ድስቱን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉት። እሳቱ አልያዝ ቢላችሁ ቤንዚንም ሆነ ነጭ ጋዝ አታርከፍክፉ፤ ነበልባሉ ወደ ያዛችሁት ዕቃ ይመለሳል። ጭራሮ አቅጥኑ እንጂ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ልብስ ነው። የተከናነቡት ጋቢ ጫፉ፣ ጎንበስ ሲሉ፣ ፍም ላይ ያርፋል፤ ለባሹ የሚያውቀው ሲሸተው ነው። የሚያበስለው ሰው ጋቢውን አውልቆ፣ ነጠላ ከሆነም ወገቡ ላይ አጥብቆ ያስር። የናይለን ጃኬት ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ሌሊቱ ስለሚበርድ የተረፈውን ፍም በከሰል ምድጃ አድርገን ድንኳን ብናስገባስ? በሩን ገርበብ እናደርገዋለን።
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ በፍጹም! ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭስ አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል፤ ገርበብ ያለ በርም አያድንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የተሰማው ካለ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ። ለብርዱ የፈላ ውኃ በማያፈስ ዕቃ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ።

ጥያቄ፦ ግጭ ላይ ሽምብራ ጥደን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቢፈላም አልበስል አለን። ምን አጥፍተን ነው?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ጥፋቱ የከፍታው ነው። በ3600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንጨት ብትጨምሩ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ሽምብራና ቦሎቄ ለፕሬሸር ድስት ይቆዩ። በተለይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል። ለዚያ ከፍታ ምስር ክክ ወይም ሽሮ ይሻላል። የምንጭ ውኃ ለመጠጥ ስታፈሉም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ስንነሣ እሳቱን አፈር እናለብሰዋለን። ይበቃል?
*ከደሴ*

መልስ፦ አይበቃም። አፈር የለበሰ ፍም ሳይጠፋ ያድራል፤ ሥር ካገኘም ከመሬት በታች እየተጓዘ ሌላ ቦታ ይወጣል። ውኃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ የተቃጠሉትን ግንዲላዎች ገልብጣችሁ ሥራቸውንም አርሱ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። ውኃውን የምታፈስሱት ከጎን ሆናችሁ ይሁን፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። «ችስ» የሚለው ድምፅ ሲቆም የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ እንደገና ከውኃው ጀምሩ። ጉልቻዎቹንም አትርሱ፤ ሥራቸው ላይ ፍም ተጣብቆ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሰው ቢቃጠል የጥርስ ሳሙና ወይስ ቅቤ?
*ከአዳማ*

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍነው ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። በረዶ አይደረግበት። የተጣበቀ ልብስ አይላጥ፣ ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርጉት። ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ቢያንስም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።