ወንድሜን ባጋልጥ ሐሜት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ታይዋን ገበያ ሞባይል እጠግናለሁ። ባለፈው ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚዘምር ወንድም አንድ የኦንላይን ቢዝነስ አሳየኝ። ብር ታስገባለህ፤ በየቀኑ ስልክህ ላይ ቪዲዮ ከፍተህ ታያለህ፤ በቀን 2 በመቶ ይታሰብልሃል። ሰው ካስገባህ ደግሞ ኮሚሽን አለው። መጀመሪያ 5 ሺህ ብር አስገባሁ። በሦስት ወር ውስጥ ከነኮሚሽኑ 9 ሺህ ብር አወጣሁ። አሥራቱንም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። አመንኩበትና አራት ሰው አስገባሁ፤ አንዷ አክስቴ ናት። ለልጇ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችውን 20 ሺህ ብር ነው ያስገባችው። እኔም 30 ሺህ ጨምሬ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አፑ ተዘጋ። ሁላችንም ተበላን።

አሁን ያው ወንድም ሌላ ስም ያለው አፕ ይዞ መጥቷል። በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ሰው እየጋበዘ ነው። ቢሳካልኝ ብሎ ለቁልቢ ገብርኤል ተስሏል። ልናገር ስል አንዳንዶች «ሐሜት ነው፣ ወንድምህን አታጋልጥ፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተው» ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ «ስለከሰርክ ቀንተህ ነው» ይሉኛል። ዝም ስል እንቅልፍ አይወስደኝም። ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ተናገር። ለማን፣ እንዴትና ከምን ጀምረህ እንደምትናገር ነው ማሰብ ያለብን።

የድሬ ልጅ ነህና የደቻቱን ወንዝ ታውቀዋለህ። እኛ ከተማ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል። ሰው በደረቁ አሸዋ ይሻገራል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጎርፉ የሚመጣው እነሱ ካላዩት ዝናብ ነው። በ1998ቱ ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። እንዲህ ባለ ሌሊት የውኃውን ድምፅ ቀድሞ የሰማ ሰው የጎረቤቱን በር ቢደበድብ ማን ሐሜተኛ ይለዋል? ሰምቶ ተኝቶ ቢሆንስ ኖሮ ማን ትሑት ይለዋል?

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 የሚለው ይህንኑ ነው። ጉበኛው፣ ማለት የከተማው ጠባቂ፣ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ፣ የሟቹ ደም ከጉበኛው እጅ ይፈለጋል። አንተ ደግሞ ጎርፉን የሰማህ ብቻ አይደለህም። ወስዶህ የተመለስክ ነህ።

«ሐሜት ነው» የሚሉህ ወንድሞች የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ስለሆነ አልንቃቸውም። ሐሜት ከባድ ኃጢአት ነው። ጾመን ሥጋ ሳንቀምስ የሰው ሥጋ እንደምንበላበት አባቶቻችን ነግረውናል። ሐሜት ለመሆን ነገሩ ውሸት መሆን እንኳ አያስፈልገውም። እውነት የሆነውን ነገር ሰውየውን ለማዋረድ ብለህ፣ ነገሩ ለማይመለከተው ሰው፣ እሱ በሌለበት ከነገርከው ሐሜት ነው። ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 16ን ክፈተው። «በሕዝብህ መካከል በሸንጋይነት አትዙር» ይልና እዚያው ቁጥር ላይ «በባልንጀራህም ደም ላይ አትቁም» ይላል። ወሬ ይዞ መዞርን የከለከለው አምላክ፣ ባልንጀራ ሲጎዳ ቆሞ ማየትንም በአንድ ትንፋሽ ከልክሏል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እናነብና መጽሐፉን እንዘጋለን።

ስለዚህ ከመናገርህ በፊት ራስህን ጠይቅ። ይህን ቃል እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብናገረው እደግመዋለሁ? የምነግረው ሰው ገንዘቡን ሊያስገባ ያለ ነው ወይስ ወሬ የሚያጣፍጥ? ነገ ሰውየው ቢመለስ ደስ ይለኛል ወይስ ይቆጨኛል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ከተንቀጠቀጥክ አንድ ቀን ቆይ፣ ጸልይ፣ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። ቂም ይዞ የተነገረ እውነት የሚሰማውን ቢያድንም ተናጋሪውን ያቆስላል።

«አትፍረዱ» ተብሏል የሚሉህም አሉ። ያንኑ ወንጌል የሰጠን ጌታ በዮሐንስ ምዕራፍ 7 «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል። በሶስና ታሪክ ያን ሁሉ ሕዝብ አስቡት። ሁለት ሽማግሌዎች ከወጣት ወንድ ጋር ስታመነዝር አየናት ብለው መሰከሩባት፣ ሕዝቡ አመነ፣ ሴቲቱ ለሞት ተወሰደች። ወጣቱ ዳንኤል ጮኸ። ጮኾ ብቻ አልቀረም። ሁለቱን ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየኻቸው?» ብሎ ጠየቀ። መልሳቸው ተለያየ፤ ውሸቱም ተገለጠ። መጮህና መመርመር አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ አንተም መርምረህ ተናገር። ግሩፑ ውስጥ «ሌባ» ብለህ ብትጽፍ ጠብ ነው የሚነሣው። ስሌቱን ብታሳያቸው ግን ያስባሉ። በቀን 2 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? 10 ሺህ ብር ያስገባ ሰው ትርፉን ሳያወጣ እየመለሰ ቢያስገባው በዓመቱ ከ13 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ቪዲዮ በማየት! እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ በቀፊራም በአሸዋም ገበያ የለም። ጫት የሚልከው ነጋዴም ይህን አያገኝም። ሌላም አለ። እያንዳንዱ ሰው አምስት ሰው ማስገባት አለበት እንበል። ከአንድ ሰው ተነሥተህ አምስት፣ 25፣ 125 እያልክ ቁጠር። ስምንተኛው ዙር ላይ 390,625 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። በ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ በሙሉ፣ የገጠሩም የሚጠባ ሕፃኑም ተቆጥሮ፣ 341,834 ነበር። ዛሬ በዝተናል፤ ቢሆንም ዘጠነኛው ዙር ሁለት ሚሊዮን ሊሞላ የቀረበ ሰው ይጠይቃል።

«እኔ ግን ተከፍሎኛል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል አይጠፋም። አንተም ተከፍሎሃል። ማጥመጃው እሱ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው በአሜሪካ ቦስተን በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ አለ። ለመጀመሪያዎቹ በእርግጥም ከፈለ። የከፈላቸው ግን ኋላ በመጡት ሰዎች ገንዘብ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ፈረሰ። እቁባችንን ከዚህ ጋር የሚያመሳስሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ያመኛል። እቁብ ውስጥ ማንም ከከተተው በላይ አይወስድም፤ ዳኛውን ታውቀዋለህ፣ ጸሐፊውን ታውቀዋለህ፣ ተራህ ሲደርስ የራስህን ታነሣለህ። እዚህ ግን አንዱ የሚበላው የሌላውን ነው።

እዚህ ላይ ወደ አንተ እመለሳለሁ፤ ቅር አይበልህ። ያወጣኸው 9 ሺህ ብር የማን ነበር? ቪዲዮ ማየት ብር አይወልድም። ከአንተ በኋላ ከገቡት ሰዎች ኪስ የወጣ ነው፤ ምናልባትም ከፊሉ የአክስትህ ነው። ሳታውቅ ነው ያደረግኸው፤ እግዚአብሔር ያውቃል። አሁን ግን አውቀሃል። «ተታለልኩ» ብለህ ብቻ ብትናገር የነገሩን ግማሽ ነው የተናገርከው። «ተታለልኩ፣ አራት ሰውም አሳሳትኩ» በል። ያን ጊዜ «ቀንተህ ነው» የሚልህ ሰው የሚይዘው ያጣል። ራሱን ያስቀደመ ምስክር ይታመናል።

ካሣም አለው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ከሌላው የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ከአንተ አራት እጥፍ አልጠይቅም፤ ራስህም ከስረሃል። ላስገባሃቸው አራት ሰዎች ግን በየወሩ ከምታገኘው ጥቂት ጥቂት እየቀነስክ መልስ። በአክስትህ ጀምር። 500 ብርም ቢሆን። መጠኑን ከንስሐ አባትህ ጋር ወስን። ንስሐ እንባ ብቻ አይደለም።

የሰጠኸው አሥራት ያንን ገንዘብ አይቀድሰውም። ይሁዳ 30ውን ብር ሲጥል የካህናት አለቆች እንኳ «የደም ዋጋ ነውና» ብለው ወደ መባ ሣጥን አላስገቡትም። አንተ ባለማወቅ ስለሰጠህ አትሸበር። ከእንግዲህ ግን ከእንዲህ ያለ ገንዘብ ለእግዚአብሔር አታምጣ። የጓደኛህም ስለት እንደዚሁ ነው። ወደ ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ ልጅ አጥቶ፣ ታምሞ፣ ተጨንቆ ነው በእግሩ የሚሄደው። መልአኩ የመበለቶችን ገንዘብ በመሰብሰብ ሥራ ላይ እንዲተባበር አይለመንም።

አሁን ወደ ወንድምህ። ማቴዎስ 18 «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ሂድ። ዛሬ ማታ ሂድ። ስሌቱን ይዘህ ሂድ። እሱም እንዳንተ የተታለለ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያሉትን አይቷቸው አያውቅም፤ ፎቶና ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያጣውን ለማስመለስ እየሮጠ ይሆናል። በቁጣ ካዋረድከው እልህ ይይዘውና ይበልጥ ይገባበታል። ካልሰማህ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ። ካልሆነ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችና ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገር። ይህ ግን ወራት የሚፈጅ ሽምግልና እንዳይሆን። የማቴዎስ 18 ሥርዓት ለአንተ ለተበደልከው ነው፤ በየቀኑ አዲስ ሰው እየገባ ከሆነ ግን አንተ ስትጨዋወት የሌላ አክስት ገንዘብ ይበላል። እምቢ ባለ ቀን ማታውኑ ግሩፑን አስጠንቅቅ።

ስታስጠነቅቅ ሥራውን ጥራ፣ ሰውየውን አትጥራ። «በቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚል፣ ሰው በማስገባት ኮሚሽን የሚሰጥ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ እኔ ይህን ያህል አጥቻለሁ» በቂ ነው። የሰውየውን ስም ለሚመለከታቸው ብቻ ንገር። እነሱም ሊገቡለት ያሉት፣ የደብሩ ኃላፊዎችና ፖሊስ ናቸው። ይህን የምልህ ለፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማታለልንም የሰው ስም ማጥፋትንም ይቀጣል። ያላረጋገጥከውን አትጻፍ። ያረጋገጥከውን ግን አስቀምጥ። የላክበትን የባንክና የቴሌብር ደረሰኝ፣ የተጻጻፍከውን ስክሪንሾት ሁሉ ሳይጠፋ ያዝና ወደ ፖሊስ ሂድ። ግሩፑን አጥፍተው እስኪሄዱ አትጠብቅ። ደግሞ «የተበላብህን እናስመልሳለን፣ ቅድሚያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ይደውልልሃል። ሁለተኛው ወጥመድ ነው። አትክፈል፤ ለአራቱም ንገራቸው።

ጎረቤቶችህንም አትርሳ። ያንተ ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም አለ። ይህ ነገር እኛ ጋ በመዝሙር ይገባል፣ እነሱ ጋ በሌላ መንገድ። ባልንጀራዬ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ጌታ የመለሰው በሳምራዊው ነው። ሱቅህ የሚመጣው ደንበኛ ስልኩ ላይ ያንን አፕ ካየህ በሚገባው ቋንቋ ንገረው።

መናገር ዋጋ ያስከፍላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ንግሥት አውዶክስያ የመበለቲቱን የወይን ቦታ ስለወሰደች ገሠጻት፤ ተሰደደ። በፊልጵስዩስም የጥንቆላ መንፈስ የነበረባት ገረድ በተፈታች ጊዜ ጌቶቿ የትርፋቸው ተስፋ እንደወጣ አይተው ጳውሎስንና ሲላስን ወደ ሹማምንት ጎተቷቸው። ትርፍ ሲነካ ሰው ይቆጣል። አንተም ከመዝሙር ክፍሉ አንዳንድ ጓደኛ ታጣ ይሆናል።

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ እንዲህ ላለ ስብሰባ በጸሎት እንድከፍት ጠሩኝ። ምን እንደሚሸጡ ሳልጠይቅ ሄድኩ፤ አቡነ ዘበሰማያት አድርሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት መጥተው «እርስዎ ስለነበሩ ነው የገባሁት» አሉኝ። ምንም አልተናገርኩም ነበር። ዝምታዬና ነጠላዬ ግን ተናግረዋል። እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ። ዝም ማለት ከነገሩ ውጭ መሆን የሚመስለን ካለን፣ እኔ እንዳልሆነ አይቻለሁ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ላስይዝህ። ወደ ወንድምህ ከመሄድህም፣ ለግሩፑ ከመጻፍህም በፊት አክስትህ ቤት ሂድ። 9 ሺህ ብር ማውጣትህን ምናልባት አታውቅም። ከቴሌግራም ሳይሆን ከአንተ አፍ ትስማው።