በወረቀት፣ በታብሌት ወይስ በጂፒኤስ? ከደምቢያ መስክ የተማርኩት

እህታችን ለመመረቂያ ጥናቷ በደምቢያ ቀበሌዎች ቤት ለቤት መጠይቅ ልታስሞላና የውኃ ጉድጓዶችን ቦታ ልትመዘግብ ነው። «ወረቀት ይሻለኛል፣ ታብሌት፣ ወይስ ጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት የሚለይ የእጅ መሣሪያ) ልከራይ?» ስትል ጠይቃለች። ጎንደር ተቀምጬ ከዳባት እስከ ጎርጎራ በሦስቱም መንገድ መረጃ ስሰበስብ ዓመታት ስላለፉ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ለመጠይቁ ታብሌት ያዢ፤ ለጉድጓዶቹም ያው ታብሌት ይበቃል። በእያንዳንዱ መረጃ ሰብሳቢ እጅ ደግሞ አንድ ደብተርና እርሳስ ይኑር። ከመሣሪያው በፊት ግን ሰዓትና ቀን እንዴት እንደሚመዘገቡ ወስኚ። በዚህ ምክንያት የብዙ ቀን ድካም ሲበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

በአንድ ጥናታችን ላይ «ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይነሣሉ?» የሚል ጥያቄ ነበር። እናቶቹ «አሥራ አንድ ሰዓት» ይላሉ፤ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ማለታቸው ነው። አንዱ ልጅ እንደሰማው 11 ብሎ መዘገበ። ሌላው የታብሌቱን ሰዓት አይቶ ወደ 5 ቀየረው። ሦስተኛው የቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት መስሎት 17 አደረገው። ማታ ቁጥሮቹን ስንደረድር በአንድ ጎጥ ውስጥ አንዷ ጎህ ሳይቀድ፣ ጎረቤቷ ረፋድ ላይ፣ ሌላዋ አመሻሽ ላይ እንስራ ይዛ የምትወጣ መሰለ። ወረቀት ብንይዝም ስህተቱ ያው ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው የተነገረውን ሰዓት ከነ «ሌሊት»ና «ጠዋት» እንዳለ ይመዝግብ፤ ቅያሬውን አንቺ ራስሽ በኋላ በኮምፒውተር በአንድ ደንብ ትሠሪዋለሽ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ይቀንሳል። ነገር ግን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው። በኅዳር 2010 የተወለደ ሕፃን በፈረንጁ 2017 እንጂ 2018 አይደለም። የሕፃናትን ቁመት ከዕድሜያቸው ጋር የምታነጻጽሪ ከሆነ አንድ ዓመት መሳት ጤነኛውን ልጅ የቀነጨረ፣ የቀነጨረውን ጤነኛ ያደርገዋል። ኦዲኬ ኮሌክት በተባለው የታብሌት ሶፍትዌር መጠይቁ ሲዘጋጅ የቀን ጥያቄው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማዘዝ ይቻላል። ሰብሳቢው ጳጉሜን ጭምር እያየ ይመርጣል፣ ሶፍትዌሩ ወደ ፈረንጁ ቀን ቀይሮ ያስቀምጣል። ወረቀትን ትቼ ወደ ታብሌት ያዘነበልኩት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጥቅሙ የታወቀ ነው። የማይመለከተውን ጥያቄ ራሱ ያልፈዋል፣ ዕድሜ 200 ብትጽፊ አይቀበልም፣ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል፣ ከተማ ስትገቢ ይልካል። ወረቀት ላይ እያንዳንዱን መጠይቅ ሁለት ሰው ለየብቻ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ማመሳከር ነበረብን። ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካው እስከ ጉልበት እያሰመጠን ቀለሙ በዝናብ የፈሰሰ መጠይቅ ይዘን የተመለስንበት ቀን አለ።

ታብሌት ግን የሚወስደውም ነገር አለ። ቆላ ድባ አቅራቢያ አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ስጠይቃቸው፣ እኔ ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ ሳልነቅል አራት አምስት ጥያቄ አለፍኩ። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥተው ጎን አስቀመጡና «የኔ ልጅ፣ ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከዚያ ጋር የምትጫወተው?» አሉኝ። ታብሌቱን ጭኔ ላይ ደፍቼ ጨዋታውን እንደገና ጀመርኩ። ጉድጓዱ ለምን እንደተተወ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጠይቁ ምርጫዎች ውስጥ ያልነበረ ምክንያት ስለሆነ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ደብተር ያዢ የምልሽ ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ፎቶ እየተነሣ ወይም ድምፁ እየተቀዳ ይመስለዋልና መሣሪያውን አስቀድመሽ አሳዪ፣ ምን እንደሚሠራም በግልጽ ንገሪ።

ወደ ጂፒኤሱ ልምጣ። የእጅ ጂፒኤስ መልካምነቱ ባትሪው ነው፤ እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ ያለው በሁለት ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል ይሠራል፣ ድንጋዩም የወረዳ ከተማ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ለጉድጓድ ግን ሰማይ በሚታይበት ቦታ የታብሌቱ 5 ሜትር ልዩነት አይጎዳሽም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወይም ዋርካ ሥር ሆናችሁ አትመዝግቡ፤ ደጅ ቆማችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ኔትወርክ በሌለበት የመጀመሪያው ንባብ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል።

ሁለቱን መሣሪያ ካቀላቀልሽ አጻጻፉን አንድ አድርጊ። 12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 12.5 እንጂ 12.30 አይደለም፤ ይህን ያምታታ ሰው ጉድጓዱን 22 ኪሎ ሜትር ያርቀዋል፤ ደምቢያ ላይ ይህ ጣና ሐይቅ ውስጥ ሊጥልሽ ይችላል። ነጥቦቹን በድሮው የ1፡50,000 ካርታ ላይ ልታስቀምጪ ከሆነ ደግሞ ያ ካርታ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ፣ አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠራ ነውና ሳትቀይሪ ከጫንሽው 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋል።

ድምፅ መቅዳት ለረጅም ቃለ መጠይቅ እንጂ ለቤት ለቤቱ አያስፈልግሽም። ከቀዳሽም ፈቃድ ጠይቂ፣ ስልኩን በታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጪው፤ ከሙቀጫው አርቂው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። አባወራዎችን በስም ብቻ እንዳትለዪ። አንዱ ሰብሳቢ «ኃይሌ»፣ ሌላው «ሀይሌ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ስጪ፣ ቁጥሩንም ደብተርሽ ላይ ድገሚው።

ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት አዘዞ ዳር ባሉ ጥቂት ቤቶች አንድ ቀን ሙሉ ሞክሪው፤ እዚያ የተገኘ ስህተት በአንድ ምሽት ይታረማል። ለሰብሳቢዎችሽም መብራት የማያስፈልገው ነገር ይኑራቸው፦ የተሞላ ፓወር ባንክና አሥር ያህል የታተመ መጠይቅ። ገበሬው እርሻ በማይወጣበት በዓል ቀን፣ በሚካኤል ወይም በማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ ብትሄዱ አባወራውን ቤት ታገኙታላችሁ። የቀንና የሰዓት ጥያቄዎችሽን ከላክሽልኝ ዛሬ ማታ አያቸዋለሁ።